የሰይፈሚካኤል ሻወር

ሰይፈሚካኤል ሰው ሳያይለት የሠራው አንድም ደህና ነገር የለም። ይህን የምትለው ጠላቱ አይደለችም፤ አብራው ያረጀችው ሚስቱ አበዛሽ ናት። ቢሮ ሳለ ባዶ ቦርሳ አንጠልጥሎ ይገባ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ አዳማ በሠራው ቤት የመታጠቢያ ክፍሉ ነገር አሳበደው። ግድግዳውን እስከ ጣሪያ ሴራሚክ አስለበጠ፣ ፓምፕ አስገጠመ፣ ከዚያ የመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ የእድር ዳኛውን ሳይቀር፣ እየጎተተ ወስዶ ሻወሩን ይከፍትለታል። ድምፁን ስማ ይለዋል። እንግዳውም ሱሪው እየረጠበ ያደንቃል፤ ምን ያድርግ።

ውስጡን ለቄስ ነው። ፓምፑ የሚገፋው ቀዝቃዛውን ውሃ ብቻ ነው፤ ቦይለሩ ግን ውሃ የሚደርሰው ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ዝም ብሎ እየወረደ ነው። ሁለቱ ሻወሩ ላይ ሲገናኙ ቀዝቃዛው ሙቁን ገፍትሮ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። የቦይለሩንም መስመር ከፓምፑ ማስቀጠል ይቻል ነበር፤ ለዚያ ግን ሴራሚኩ መሰበር አለበት። ሰይፈሚካኤል ደግሞ ሴራሚኩ ከሚነካ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። በናዝሬት ሐሩር ሙቅ ውሃ የሚያምረው ምን ዓይነት ሰው ነው እያለ አፉን ሞልቶ ይከራከራል። ራሱ ሲታጠብ ግን ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። ወንድ ተብዬ!

አበዛሽ ችላው ኖረች። ልጇ ሊዲ የበኩሯን ወልዳ እናቷ ቤት ስትታረስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሊዲ አማት ወይዘሮ ጉዲቱ መቂ ቤት አሰናድተው እኔ ላርሳት ብለው ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ወጉ በእናት ቤት ነው ብላ ተሟግታ ያስቀረቻት አበዛሽ ናት። አሁን አራሷን ብርድ ቢመታትስ? በምን አፏ ትመልሳለች? ፓምፑ ሲጠፋ ሁለቱም ውሃ ከጣሪያው እኩል እንደሚወርድ ደርሳበታለችና፣ ሊዲ ልትታጠብ ስትል ሄዳ ታጠፋዋለች። ቀጭን፣ ግን ሞቅ ያለ ውሃ ይወርዳል። ባሏንም ሊዲ ስትታጠብ ፓምፑን እንዳይነካ አስምላዋለች።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ጉዲቱ ቅቤ ይዘው አራስ ጥየቃ መጡ። ሊዲ እየታጠበች ነበር። ሰይፈሚካኤል ሻወሩን ማሳየት ስላልቻለ እንቅልፍ እንዳጣ ሕፃን ተቁነጠነጠ። ካላዩት ድምፁን እንኳ ይስሙ ብሎ መሰለኝ፣ አበዛሽ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ ፓምፑን አበራው። መሐላውን ውሃ በላው።

ሊዲ ጮኸች። ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ወይዘሮ ጉዲቱ ጋቢያቸውን አለበሷት። ምንም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ለአበዛሽ በተሻላት። ልጃቸው ቶኩማ ጋ ደወሉና ሚስቱን መቂ የሚወስድ መኪና ይዞ እንዲመጣ ነገሩት። አበዛሽ አንገቷን ደፋች።

ያ ከንቱ ባሏ ግን የሚለው አላጣም።

“ግፊቱን ግን ሰሙት?” አላቸው።

መኪናው ሲመጣ አበዛሽ የሕፃኑን ልብስ ሸክፋ ከሊዲ ጎን ገብታ ተቀመጠች። ሰይፈሚካኤል እስከ በሩ ተከትሎ አንቺ ደግሞ ወዴት ነው አላት፤ ምሳውን ማን እንደሚያቀርብለት ጨንቆት።

“ልጄን ላርሳት” አለችው። “በሰው ቤት።”