ሁለተኛውን ተጫኚ

መጀመሪያ ስልኩን ያጠፋዋል። ቀጥሎ የሲም ካርዱን መሳቢያ በመርፌ ገፋ አድርጎ ያወጣና ካርዱን ባለቤቱ ፊት ያስቀምጠዋል፤ ኋላ “ሲሜን አጠፋህብኝ” የሚል ጭቅጭቅ አይወድም። ከዚያ የስክሪኑን ጠርዝ ዙሪያውን በሙቅ አየር ያሞቀዋል። ሙቀቱን የሚለካው በአውራ ጣቱ ነው፤ ጣቱ ሦስት እስኪቆጥር ከቻለው ገና ነው፣ ሁለት ላይ ካቃጠለው ሙጫው ለስልሷል ማለት ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ በጥጉ ያስገባና ሳይቸኩል ዙሪያውን ያዞረዋል። ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ማግኔት ላይ ይደረድራል። ረጅሟ ብሎን በአጭሯ ቦታ ከገባች ቦርዱን ትበሳዋለችና፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

እጁ ይህን ሲሠራ አፉም ሥራ አይፈታም። የስልክ ጥገና ሱቁ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ወደ መንገድ የተከፈተች አንዲት መስኮት ናት። በመስኮቷ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ጥያቄ አያጣም። ለዚህ ነው በስሙ የሚጠራው ጠፍቶ “ጠይቁት” የሚል ቅጽል የወጣለት።

አንዱ ዳታዬ ሳልነካው ያልቃል ይለዋል። ቪዲዮ በራሱ እንዲከፈት ፈቅደህለት ነው፣ ዝጋው ይለዋል ቀና ሳይል። ሌላዋ ስልክ ቻርጅ ላይ ቢያድር ይጎዳ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ስልኩ ምንም አይሆንም፣ ትራስ ሥር ካደረግሽው ግን የምትጎጂው አንቺ ነሽ ይላታል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ደንበኞቹ በተከራከሩ ቁጥር ከነመቀሱ ብቅ ይላል። የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ስምንት ከምናምን። አመስግኖም ሳይጨርስ ጠይቁት ወደ ብሎኑ ተመልሷል።

መልሱ ፈጣን የሆነበት አንድ ዘዴ አለው። አብዛኛው ደንበኛ በስልኩ ላይ የተጻፈውን የባዕድ ቋንቋ አያነብም። ስለዚህ ጠይቁት የቁልፉን ስም አይናገርም፣ ቦታውን ነው የሚናገረው፤ ከላይ ሦስቱን ነጥብ፣ ከታች አራተኛውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። የሁሉንም ስልክ ገጽ በቃሉ ይዞታል። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ዘዴ ሠርቶ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። መጻፍ ስለማይሆንላት ልብስ ባለቀ ቁጥር ደንበኞቿን የምትጠራው በድምፅ መልእክት ነበር። “ልጄ፣ ቀሚስሽ ደርሷል። ወገቡን ትንሽ ለቀቅ አድርጌልሻለሁ፣ ነይና ለኪው።” ከኋላዋ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ እያወራችም ፔዳሉን መርገጥ አትተውም። ከሞተች አምስት ወር ሆኗታል። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ታላቅ እህቱ ናት። ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ስታስር የእናቷን ስልክ አልጋው ላይ አስቀምጣ ለደንበኞቿ ከላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች አንዱን ትከፍታለች። አንድ ብቻ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወለችለት። የእናታቸው ስልክ ሞልቷል እያለ መልእክቱን አላስከፍት ብሏታል። እሱ በአንድ እጁ ሙቅ አየሩን፣ በሌላው የተከፈተ ስልክ ይዟል፤ የራሱን ስልክ በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆታል። መስኮቱ ላይ ሦስት ሰው ቆሟል። ይህን ክፈቺ፣ እዚያ ግቢ፣ ወደ ታች ውረጂ እያለ መራት።

“አሁን ሁለት ነገር ይመጣልሻል። ሁለተኛውን ተጫኚ።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ተጫኚ እትዬ፣ ሰው ቆሞብኛል።”

ንግግሩ የፈጀው አርባ አንድ ሴኮንድ ነው፤ ስልኩ ላይ ተመዝግቧል። እሱ ጋ በሚመጡት ስልኮች ሁሉ ሁለተኛው ቁልፍ ትርፍራፊውን ብቻ የሚያጸዳ ነው። በእናቱ አሮጌ ስልክ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነበር፤ ሁለተኛው ሁሉንም ይጠርጋል። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስልኩን መርጦ የገዛላት እሱ ነው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ደወለች። የእማዬ ድምፅ የለም አለችው። ይመጣል፣ ይዘሽው ነይ አላት። ድምፁ ለደንበኛ እንደሚናገረው ነበር።

ያልሞከረው ነገር የለም። ኢንተርኔት ላይ ቅጂ ተቀምጦ እንደሆነ አየ፤ አልነበረም። እናቱን ዳታሽን ይበላብሻል ብሎ ያን ያጠፋው እሱ ራሱ ነው። የራሱን ስልክ አየ፤ ሸክም ስለማይወድ መልእክት በሳምንቱ እንዲጠፋ አድርጎታል። እህቱ ጋም የለም፤ እናቷ ከሚቀጥለው ክፍል ስሟን ጠርታ ነበር የምታናግራት እንጂ ምን ቆርጧት መልእክት ትልካለች? ሦስት ቀን በኮምፒውተር ፈለገ። ከእሱ የሚልቅ ባለሙያ ዘንድም ወሰደው። ሰውየው መረጃው ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ ሲጠረግ መክፈቻውም አብሮ ይጠፋል አለው። ጠይቁት ያውቀው ነበር። ለደንበኞቹ ስንቴ ነግሯቸዋል።

አላለቀሰም። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ እንደወጋው ጉንጭ ሆኗል፤ በእጁ ሲነካው አለ፣ ስሜቱ ግን የለም። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። ብሎኑን ይደረድራል። ስንት ነው ሲሉት ስንት እንደሆነ ይናገራል።

እህቱ አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይቀለው ነበር። አንድ እሁድ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ “አንተ፣ ድምፅዋን እየረሳሁት ነው መሰለኝ” አለች። “ትናንት ለማስታወስ ሞክሬ የመኪናው ብቻ መጣልኝ።”

ጠይቁት ጨርቅ አንስቶ የታጠበውን ሳህን ማድረቅ ጀመረ።

በማግስቱ የሰፈሩ አስተማሪ ወደ መስኮቱ መጣች። ስልኬ ሞልቷል፣ ምን ላጥፋ አለችው። አፉ ሊመልስ ተከፍቶ ነበር፤ ያዘው። ውስጡ ምን አለ ብሎ ጠየቃት።

“አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠያቂ የሆንከው?” ብላ ሳቀች።

እናቱ ልብስ ትሰፋላት እንደነበር ያውቃል። የእናቴ የድምፅ መልእክት ቀርቶልሽ ይሆን አላት። አስተማሪዋ ሳቋን አቆመች።

“ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነበረኝ። አምና ግን ‘የሚሞላብሽ የድምፅ መልእክት ነው፣ መጀመሪያ እሱን አጽጂ’ አልከኝ። አጸዳሁት።”

“ልክ ነው፣ ብያለሁ” አላት። ደግሞም ብሏል። ለእሷ ብቻም አይደለም፤ ስልኬ ሞላ ላለው ሁሉ በቀን ሃያ ጊዜ ብሏል።

የእናቱ ደንበኞች ስልክ ቁጥሮች ሲም ካርዷ ላይ ስለነበሩ አልጠፉምና ለሁሉም አንድ በአንድ ደወለ። ሃምሳ ሁለት ሰው። ገሚሱ ስልክ ቀይሯል። የአንዳንዱ ቁጥር አይሠራም። አሥራ ሰባቱ ግን የአስተማሪዋን ነው የመለሱለት፤ አንተው ነህ ሰርዙ ያልከን። አንዷማ ይቅርታ ጠየቀችው። ምንም አይደለም አላት።

አሁንም “ጠይቁት” ይባላል። ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ ሲመጣ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ፈጥኖ ይመልሳል፤ እዚያ ላይ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። ስለ ስልክ ሲሆን ግን ስልኩን ተቀብሎ በዓይኑ ሳያይ፣ ውስጡ ያለውን ሳይጠይቅ አንድ ቁልፍ አያስነካም። በስልክ ደውለው ለሚጠይቁት አይመልስም። ሰልፉ ረዝሟል፣ ማጉረምረሙም እንደዚያው። እህቱ ጠዋት ጫማዋን የምታስረው ምንም መልእክት ሳትከፍት ነው።

መስኮቱ ላይ ደግሞ በካርቶን የተጻፈ ነገር ለጥፏል። በመስኮቱ ያላለፈ ሰውም እንዲያነበው ስለሚፈልግ እዚህም ይኸው፦

“ይህን ለምታነቡ ሁሉ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀሚስ፣ ሱሪ ወይም የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታላችሁ ከሆነ፣ ሲደርስ በድምፅ ትጠራችሁ ነበር፤ ከኋላዋ መኪናው ይሰማል። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ስልክ ካላችሁ፣ ስክሪኑ ቢሰበርም፣ ባትሪው ቢያብጥም፣ ምንም ሳትነኩ አምጡልኝ። እኔ እከፍተዋለሁ። ሰርዙ ብያችሁ እስካሁን ያልሰረዛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ አትስሙኝ።”