ኦቦ ተሬሳን የገደለው የምሥራች

ጨለለቂ ሰፈር፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ኳስ የሚያሳዩበት አዳራሽ ተከፍቷል። አዳራሽ አልኩት እንጂ ቆርቆሮ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጎል በገባ ቁጥር ውስጥ ያሉት ወንበር ይመታሉ፣ ቆርቆሮውን ይደበድባሉ፣ የእኔም ግድግዳ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ያን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ኦቦ ተሬሳ ይመጡብኛል። ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ኦቦ ተሬሳ እዚሁ ነቀምቴ ከአባቴ ሱቅ ጎን ልብስ ይሰፉ ነበር። ቤታቸው የማሽን ዘይትና በከሰል ካውያ የተተኮሰ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። የከተማችንን ቡድን ማልያ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ፤ አቡጀዲውን ሰፍተው፣ ቀይ ነክረው፣ ቁጥሩን ከነጭ ጨርቅ ቆርጠው ይለጥፋሉ። ዝናብ የጣለ እሑድ ቀለሙ ይለቅና ተጫዋቹ ሁሉ እስከ ጉልበቱ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ናቸው።

ኋላ ልባቸው ታመመ። እግራቸው አብጦ የማሽኑን ፔዳል መርገጥ አቃታቸው፤ አንድ እጅጌ ሰፍተው ቁጭ ብለው ይተነፍሳሉ። ሐኪም ቤት ያለው ድሬሰር፣ "ኳስ ሜዳ እንዳይደርሱ። እዚያ የሚጮኸው ሰው ጤነኛ ነው፤ የእርስዎ ልብ ግን አይችልም" አላቸው። ሜዳው ከሱቃችን ብዙም አይርቅም። እሑድ እሑድ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የሚመጣውን ድምፅ እያዳመጡ ይገምታሉ። ሲጮህ፣ "ይቺ የእኛ ናት" ይላሉ። ጸጥ ሲል፣ "ገባብን።"

ሰፈሩ መከረ። ቡድናችን ከተሸነፈ ማንም ዘሎ ወሬውን እንዳይነግራቸው፣ የሚነግራቸው አባቴ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። አባቴ መርዶ ማርዳት ያውቅበታል። ሰው የሞተበትን ሁሉ አስቀምጦ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ የሚያረዳው እሱ ነበር። ሽንፈቱንም እንደዚያው ያረዳቸዋል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ውሃ ያስመጣል፣ ከዚያ፣ "ዛሬስ አልቀናንም፣ ኦቦ ተሬሳ" ይላል።

"ዳኛው ነው እንዳትለኝ።"

"ዳኛውስ ደህና ነው። በረኛችን ነው ቆሞ የተኛው።"

"ማልያው ጠብቦት ይሆናል። አምጡት ላስፋለት።"

ይስቃሉ። ያልፋል። እንዲህ አድርገን ስንት ሽንፈት አሻገርናቸው።

ከጊምቢ ጋር የተጫወትን ቀን ግን ሊያልቅ ሲል ጎል አገባን። ጊምቢን አሸንፈን አናውቅም ነበር። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ወደ ሱቁ ሮጠ። ከፊት የሚሮጠው ማን ነው ብትሉ፣ አባቴ። እኔም ከኋላው ነበርኩ፤ እኔም እጮህ ነበር፤ ራሴን ነጻ አላወጣም። "ሞአኔ፣ አሸነፍን፣ ሞአኔ" እያለ ገብቶ ከወንበራቸው አንስቶ አቀፋቸው። ሌሎቹ ተቀብለው ትከሻ ላይ አወጧቸው። ኦቦ ተሬሳ ይስቁ ነበር። አፋቸው እየሳቀ እጃቸው ደረታቸውን ጨበጠ። "አውርዱኝ" ያሉ ይመስለኛል፤ በዚያ ዘፈን ውስጥ ማን ሰማቸው። ሲያወርዷቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሐኪም ቤት አልደረሱም።

ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ምን ይሉ ነበር መሰላችሁ። "ደስ ብሎት ሞተ፤ እንዲህ ያለ ሞት ማን አገኘ።" አባቴም አብሮ ይላል። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ሲሰሙ ቆይተው ቀና አሉ።

"ደስ ሳይለው ቢኖርልኝስ?" አሉ።

አባቴ አቀርቅሮ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። እስኪሞት ድረስ ያንን ቀን አንስቶ አላወራም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም። ልብ የሚጎዳው ሽንፈት ብቻ መስሎት። ድሬሰሩ ሜዳ አይሂዱ ሲል መች ሲሸነፉ ብቻ አለ? ሐዘኑን በማንኪያ እየለካን ሰጥተን፣ ደስታውን በአንዴ ደፋንባቸው።

ዛሬም ያው ነው። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ የልብ ኪኒኑን በኪሱ ይዞ የሚቀመጥ ጎረቤት አለኝ። ጎል ሲገባ ወጣቶቹ ትከሻውን ይዘው ይነቀንቁታል። ባለፈው ገብቼ ተቆጣኋቸው።

"አባባ፣ እኛ እኮ እየመራን ነው" አለኝ አንዱ።

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ለዚያ ነው የመጣሁት።"

ሳቁብኝ። ጎረቤቴም አብሯቸው ሳቀ፣ ሞኝ።

እኔ የምሥራች ይዤ ሮጬ አላውቅም። ከኦቦ ተሬሳ የቀረልኝ ይኸው ነው። ጊዳ አያና ያለችው ልጃችን ስንት ዓመት ጠብቃ የወለደች ጊዜ ተደውሎ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ ልቧን ያማታል። ጓሮ ሄጄ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ውሃ አመጣሁ። ስለ ጎመኑ አወራኋት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም፤ መጀመሪያ ጠጪ" አልኳት። እስክትጨርስ ብርጭቆውን እያየሁ ቆምኩ።