አባቴ ለሞተርሳይክል «እንደምን አመሻችሁ» ያሉበት ምሽት

አባቴ ዛሬ ለሞተርሳይክል መብራት ሰላምታ ሰጡ።

የአባቴ ሞተርሳይክል በዕድሜ ትበልጠኛለች። ኤሌክትሪኳ ባለ ስድስት ቮልት ነበር፤ ራምዞር፣ ማለትም የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም መብራቷ ጭል ጭል ይልና ይጠፋል።

እዚሁ ረሆቮት ከተማ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ «ወንድምሽ ይምጣና እናውራ» አለኝ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ ስለው ሳቀ። ከዚያ ለአባቴ ደውሎ «ከእንግዲህ አትበራም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ልውሰዳት» አላቸው። አባቴም ተስፋ ቆርጠው «ቤሰደር፣ እሺ» አሉት። ነገ ቤታችን መጥቶ ሊወስዳት ነበር።

ወንድም የለኝም። ካቻቪቴ ግን አለኝ።

የዲናሞውን ጥቅል ሽቦ ቀየርኩ። አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪና ቻርጁን የሚቆጣጠር ሬጉሌተር ገጠምኩ፤ የፊቱን አምፖል በኤልኢዲ ተካሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሕንፃችን ሥር አስነሳኋት። ነዳጅ ሳልጨምርላት፣ ቆማ እያለች፣ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ግድግዳው፣ የሎሚው ዛፍ፣ የአባቴ ፊት፣ ሁሉም ወለል ብሎ ታየ። እያንዳንዱን ሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ግን እንደ ተአምር አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በአገራችን ልማድ ማታ መብራት ሲበራ ሰላምታ ይሰጣል። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው «እንደምን አመሻችሁ!» አሉ። ደረጃው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ባንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው መለሱ።

«አባዬ፣ የጋራዡን ሰውዬ ምን ይሉታል ታዲያ?» አልኳቸው።

«ይምጣ እንጂ! ማታ ይምጣና መብራቷ አጥበርብሮት ዓይኑን ጨፍኖ ይመለስ።»

እናንተስ እህቶቼ፣ «ወንድምሽን ጥሪ» ተብላችሁ በገዛ እጃችሁ ያበራችሁት ምንድን ነው? ያላ፣ ጻፉልኝ።