የተራራ ጫማ ግዢ በናይሮቢ

ዛሬ ናይሮቢ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ለጫማ መሞከሪያ ከጣውላ የተሠራች ዳገት ላይ ስወጣና ስወርድ ዋልሁ!

ነገ እዚህ አብረውኝ ከሚሠለጥኑ ጓደኞቼ ጋር ኬንያ ተራራን ልንወጣ ነው። እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ወፍራም ጃኬት በሕይወቴ ለብሼ አላውቅም።

ሻጯ የጫማዬን ክር ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። "ስትወርጂ ጣትሽ ጫፉን ከነካው ተይው" አለችኝ። ብዙ ለካሁ። በመጨረሻ ልኬን አገኘሁ!

ጃኬቱንም ደርቤ ለአባቴ በቪዲዮ ደወልሁ። አባቴ ጣና ዳር ባለ ደብር መሪጌታ ናቸው። እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ስለ ተራራው እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም ነበር፤ አሁን ነገርኋቸው።

"ተራራው ላይ ገዳም አለ?" አሉኝ።

"የለም አባዬ።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ትወጫለሽ?"

"ከላይ ሆኜ ለማየት።"

ጃኬቴን አየት አደረጉ።

"በይ ጓንትም ጨምሪ፤ እጅሽ ቶሎ ይደነዝዛል። ጫፍ ስትደርሺ ደውይልኝ፣ እኔም ልይ።"

ሱቁ ውስጥ እልል አልሁ! ሻጯ አማርኛ ባትሰማም አብራኝ ሳቀች። (ጓንትም ሸጠችልኝ፣ ለምን አትስቅ!)

እናንተስ? "አይፈቅዱልኝም" ብላችሁ ፈርታችሁ ወላጆቻችሁ ያስገረሟችሁ ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።