የተዘጋው የከብት መንገድ

ንጋት፣ ቡራዩ

በጨለማ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያንቀላፋል፤ እኔም ብጤው ነኝ። የምሄደው ታናሽ እህቴን ሰናይትን ከሱሉልታ ወጣ ካለች የገበሬ መንደር ለማምጣት ነው። የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ባሏ የሲኖትራክ ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እዚያ ቤት ሠርተው ከገቡ ወዲህ ሰላም የሚላት ጎረቤት የለም። "ሌሊት ምጥ ቢመጣብኝ ማን ይደርስልኛል?" ብላ ስልክ ላይ አለቀሰች። የመንደሩን ሰው ሳላየው ጠልቼዋለሁ።

ረፋድ፣ ሱሉልታ

ታክሲ ስቀያይር ወገቤ አለቀ። እንጦጦን ከተሻገርን ጀምሮ ብርዱ አጥንት ይገባል። አስፋልት ዳር ሻይ በፓስቲ ቀመስኩ፤ ፓስቲው የትናንት ነው፣ ዋጋው ግን የዛሬ። ከዚያ በባጃጅ ጭቃው ውስጥ ገባን።

ብዙም ሳንሄድ ላሞች የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ከነከብታቸው መንገዱን ሞሉት። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ።

"ኦቦ ገመቹ ናቸው። ድሮ ወንዝ ለመውረድ ይህን ሁሉ አይዞሩም ነበር። አንድ ሲኖትራክ ነጂ መጥቶ የከብቱን መንገድ ግቢው ውስጥ አስገብቶ በቆርቆሮ አጠረው።"

ክው አልኩ። የእህቴ ባል መሆኑን አልነገርኩትም።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁትም?"

"ከብቱ ሲዞር ያያል እኮ። ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀን የለም።"

ከሰዓት፣ ሰናይት ግቢ

ነገርኳት። ወዲያው ለባሏ ደወለች። "ካርታ አለኝ፤ ካርታው ላይ የከብት መንገድ የሚባል ነገር የለም" አላት። ስልኩን ዘግታ መዶሻ አነሳች። በዚያ ሆዷ እንዴት ብዬ ልያት፣ ቀማኋት። መንገዱ ወደ ግቢው በሚገባበትም በሚወጣበትም በኩል ቆርቆሮውን ስነቅል እጄ ተላጠ። ከየደጁ ያዩናል፤ ላግዛችሁ ያለ አልመጣም።

ማምሻውን

ኦቦ ገመቹ ከወንዝ ሲመለሱ ሰናይት ክፍተቱ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"አካም ኦልታኒ፣ ኦቦ?" ብላ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አለቻቸው። "በዚህ ይለፉ።"

"ባልሽ ያውቃል?"

"ሲመጣ ያየዋል። እኔ እያለሁ አይዘጋም።"

የፊተኛዋ ላም ተጠግታ አሸተተችና አፈገፈገች። ዱላቸውን አላነሱባትም። "ዙሪያ መንገዱን ለምደውታል" ብለው ከብቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ። ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነው ብዬ አዘንኩ፤ ላለቅስም ቃጥቶኝ ነበር።

ትንሽ ራቅ ብለው ግን ቆሙና በዱላቸው አንድ ቤት አመለከቱ።

"እዚያ ነን። ምጡ ሌሊት ከመጣብሽ ከደጅ ሆነሽ ተጣሪ፤ ጤና ጣቢያ እኛ እናደርስሻለን። ቆርቆሮው ተነስቷል፣ ይሰማናል።"

"እንግዲህ ዕቃሽን ልሸክፍ?" አልኳት ሰናይትን።

"አንቺ ሂጂ" አለችኝ፣ "ታክሲ ሳይጠፋብሽ።"