«እንቴ» ብዬ የተከሰስኩ ጊዜ

በ1989 ዓ.ም. አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ያለችውን ነው የምናገረው፤ እኔ አልቆጠርኩም። ከጨንቻ ደጋ ወርጄ ቆላው ላይ ሲቀላ ከተማ አንድ ጋራዥ ዘበኛ ሆኜ የተቀጠርኩት ያኔ ነው።

አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበር። ድንች ለመሸጥ ይበቃል፤ ሰው ለማክበር አይበቃም። «እርስዎ» ብዬ ከጀመርኩ መጨረሻው ይጠፋኛል። ወንዱንም ሴት አደርገዋለሁ። ስለዚህ ላከብረው የፈለግኩትን በጋሞኛ «እንቴ» እለዋለሁ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አንድ ቢሆንም እንደ ብዙ ነው የሚጠራው።

ዋናው መካኒክ የጎጃም ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ «እንቴ፣ ደህና አደሩ?» እለዋለሁ። ዝም ብሎኝ ያልፋል። ኩሩ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ደንበኛ መኪና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጦ ሳለ እንደዚያው ስለው ፊቱ በርበሬ መሰለ። በቀጥታ የጋራዡ ባለቤት ጋ ገባና፣

«ይሄ ባለጌ ሰው ፊት አዋረደኝ። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አለ።

ከመካኒክና ከዘበኛ ማን እንደሚወጣ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ቤት ደግሞ የእኔን እጅ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ባለቤቱ ግን ደግ ሰው ነበር፣ «መጀመሪያ ሽማግሌ ይያችሁ» አለ። እኔ ጎማ የሚለጥፈውን ጎሚስታ መረጥኩ፣ የዶርዜ ሽማግሌ ነው። መካኒኩ የዕቃ ቤቱን ኃላፊ መረጠ፣ ያገሩ ልጅ ነው። ከምሳ በኋላ አራታችንም አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥን።

«በል ይቅርታ ጠይቅ» አለኝ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ።

«ምን አድርጌ?»

«ሰድበሃል።»

«አልሰደብኩም። ያልሰደብኩትን ሰው ይቅርታ አልልም። አባርሩኝ።»

ጎሚስታው ወደ መካኒኩ ዞረ። «ለመሆኑ ምን ብሎ ሰደበዎት?»

«በየጠዋቱ አንተ ይለኛል። በግ አብረን ጠብቀናል?»

ጎሚስታው ጋቢውን አፉ ላይ ጎተተ። ሆዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«እንቴ ነው የሚልዎት፣ አንተ አይደለም። በእኛ ቋንቋ እርስዎ እንደ ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎም ለዘመድዎ ያዳላሉ» አለ መካኒኩ።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ሙዝ ተሸክማ በበሩ ታልፋለች። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «ማንም እንዳይናገር» ብሎን ሄዶ አስቆማት።

«እህቴ፣ የባልሽን አባት በጋሞኛ ስታናግሪው ምን ትይዋለሽ?»

ሴትዮዋ ከነጢሙ ላይ ታች አየችው። «እንቴ ነዋ። አንቺ አማትሽን አታከብሪም እንዴ?»

እንኳን ጎሚስታው፣ መካኒኩም ሳቀ።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊዘጉ «አንተም ከእንግዲህ እርስዎ ማለት ተማር» አሉኝ። አልማርም አልኩ። ያከበርኩበትን ቃል ለምን እጥላለሁ? ቢለምኑኝ፣ ቢገስጹኝ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ መካኒኩ ራሱ ሰለቸውና፣ «ክብር ከሆነማ እንቴ ይበለኝ» አለ። ተጨባበጥን። እንጀራዬ ተረፈች።

ስለ «ባለጌ» ግን ይቅርታ ያለኝ የለም። እነሱ ረሱት፤ እኔ ይዤው አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ መጣ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ከወገቤ እጥፍ ብዬ፣ አፌን ሞልቼ «አንተ፣ ደህና አደሩ?» አልኩት። ደስ ብሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለፈ።