የንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ተራ

አባቴ የውሃ አባት ነበር። ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ አንድ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ አለ፤ በእሱ ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው አባቴ ነው። ዕጣ ያስወጣል፣ ተራውን በደብተር ይጽፋል፣ ጠዋት ፓምፑ በር ላይ ቆሞ ያነባል። ዓይኑ ሲደክም ግን የአንዱን ስም በሌላው መጥራት ጀመረ።

እኔ ደግሞ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬ የመጣሁ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነኝ። «አባ፣ ተራ ማውጣቱን ለላፕቶፔ ስጠው» አልኩት።

ስክሪፕት ጻፍኩ። ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው፤ ትልቁ ሥራው መጠየቅ ነው። የገበሬው ፋይል አለ ወይስ የለም? ፋይሉ ውስጥ «ደርሶታል» የሚል ቃል ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? በዕጣ የወጣለት ሰዓት ከስድስት ያንሳል ወይስ አያንስም? ካነሰ ጠዋት ያጠጣል፤ ካላነሰ ከሰዓት።

አባቴ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄማ የኔው ሥራ ነው! እኔም ‹ከሆነ፣ ካልሆነ› ስል ነው የምውለው።» ወዲያው ግን ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንድ ሰው እንኳ ውሃ ቢያጣ ግን ያንን ነገርሽን ትዘጊያለሽ፤ እኔም ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ።»

ሁለት ዙር ሰላም ሆነ። ኧረ እንዴት እንደተኮፈስኩ! ወሬዬ ጎብዬ ገበያ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ሙቀቱ ባሰና ገበሬዎቹ «ፀሐይዋን እንቅደማት» አሉ፤ ፓምፑ ከአንድ ሰዓት መነሳቱ ቀርቶ ከንጋቱ አስራ ሁለት እንዲነሳ ተስማሙ። እኔም አዲሱን ዕጣ አስገብቼ፣ ምን ይመጣል ብዬ፣ ሳልሞክረው ተኛሁ።

የአስራ ሁለት ሰዓቱ ዕጣ የወጣው ለአንዲት ባልቴት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የሽንኩርት ችግኝ አዛውረዋል፤ የዓመት ተስፋቸው ያቺው መደብ ናት። ዛሬ ውሃ ካላገኘች፣ በዚህ ቆላ ፀሐይ፣ ሌላ ዙር እስኪደርስ ገለባ ትሆናለች።

ማለዳ ሁሉም ተሰብስቦ ላፕቶፔን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛ ሆኖ የወጣው ባለ አንድ ሰዓቱ ጎረቤታችን ነው። ባልቴቷ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ማታ አስራ ሁለት፣ ፓምፑ ሲጠፋ። ክው አልኩ።

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?» አሉ ባልቴቷ ዶማቸውን እንደያዙ። «ፓምፑ ጠፍቶ በምኔ ላጠጣ፣ በላቤ?»

ጎረቤታችን ቦዩ አፍ ላይ ቆሟል። «የተነበበ ተራ አይሻርም» አለ። ደንቡ የአባቴ የራሱ ነው። አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «የተነበበን የሚሽረው ሌላ ንባብ ነው» አለ በመጨረሻ። «ፓምፑ እስኪነሳ ጊዜ አለሽ፤ በይ።»

ጉድ ፈላ! ፓምፑ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ መስመሮቹን አየሁ። አስራ ሁለት ከስድስት አያንስም! በቁጥር ከሄድን ከአስራ አንድም ይበልጣል። የኛ ቀን ግን የሚጀምረው ከአስራ ሁለት ነው፤ አንድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እንኳን እኔ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ካልነገሩት ከየት ያምጣው? አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሰዓቱ አስራ ሁለት ከሆነ ዜሮ ብለህ ቁጠረው።

አስኬድኩት። «ስህተት» አለኝ። ጥያቄው ከሚከፈትበት ቅንፍ ቀጥሎ ክፍት ቦታ መተው ረስቻለሁ፤ ያቺን ካጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያኮርፋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ አባቴ ከጀርባዬ። ላብ አጠመቀኝ። አስተካክዬ እንደገና አስኬድኩት። የባልቴቷ ስም አናት ላይ ወጣ!

መንደሩ እስኪሰማ ጮኼ አነበብኩት። ባልቴቷ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤታችንም «እንግዲህ ተነቧል» አለና ዶማውን ከእጃቸው ተቀብሎ ቦያቸውን ራሱ ሊከፍት ሄደ። ውሃው ወደ ችግኞቹ ሲሮጥ ሳይ ጮቤ ረገጥኩ።

አባቴ ግን አልጨረሰም። «እኔን ስንተኛ አደረገኝ?»

«አራተኛ። ዕጣህ ሦስት ሰዓት ነዋ።»

«ደብተሬን አላየሽም ማለት ነው» አለና ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ገለጥኩት። በየገጹ፣ ዕጣው የትም ይውጣለት የት፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ነው።

«ውሃ ካነሰ በኔ ይነስ» አለ። «ጨምሪበት።»

ዓይኔ እንባ አቅርሮ ጻፍኩት፦ ፋይሉ ውስጥ «የውሃ አባት» የሚል ቃል ካለ፣ መጨረሻ። ደብተሩን ግን ተመልሶ አልጠየቀኝም።

ባልቴቷ ሽንኩርታቸውን ሲነቅሉ አንድ ትልቅ ራስ አምጥተው ላፕቶፑ ላይ አስቀመጡ። «ይቺ የሱ ናት» አሉ። ቁርሳችንን በእሷ ሠራን።

ዘንድሮ አባቴ «በቃኝ» ሲል ገበሬዎቹ እኔን መረጡ። «የውሃ አባት» የሚለውን ቃል ከእሱ ፋይል አንስቼ የራሴ ፋይል ውስጥ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ምን እንደሚያመጣብኝ ግን ረስቼዋለሁ። በማግስቱ ማለዳ ዕጣዬ ሁለት ሰዓት ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛ የለሁም። ሦስተኛም የለሁም። ስሜን ያገኘሁት ከሁሉም በታች ነው።

ቀና ስል አባቴ ቦዩ ዳር ተቀምጦ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። «እሰይ!» አለ። «እንግዲህ እስከ ማታ ጠብቂ።»